ያጠፋኋቸው ነጥቦች

ጥር 4፣ ማክሰኞ

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ከሆስፒታል ወጣች። የኩላሊቷን ጠጠር አውጥተውላታል። በብልቃጥ ሰጥተዋት መስኮቷ ላይ አስቀምጣዋለች። "ይኼውልሽ እንዲያ ያስጮኸኝ፣ ሽንብራ እንኳ አያህልም" ትላለች። ትልቋ ልጇ ሁለተኛዋን አርግዛለች፣ አማቿ ደግሞ እንደገና ሥራ ለቋል። "ዋናው ጤና ነው" ብዬ ወጣሁ።

የኔ ሰው በአሥር ሰዓት ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ ጂፒኤሱን ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገና ጉልበቱን ይዞ ቁጭ።

"እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል።"

"ዘይት ላድርግበት?"

"አድርጊበት። ማጠፊያው ዝጓል መሰለኝ።"

ይስቃል፣ ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የውሃ ቧንቧው ከግድቡ እስከ ማጣሪያው አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ማክሰኞና ዓርብ ዳር እስከ ዳር በእግሩ ይሄድበታል፣ የሚያፈስ ካለ ያያል። ጂፒኤሱ የረገጠውን ሁሉ በነጥብ ይመዘግባል። ነጥቦቹን ኮምፒውተር ላይ መጫን፣ የተቆረጠውን መቀጠል፣ ዝብርቅርቁን ማጥራት... እሱ የኔ ነው። የኔ ሰው ማውስ ሲይዝ ዝንብ የሚገድል ነው የሚመስለው። ፕሮግራሙን ያሳየችኝ የቢሮው ጸሐፊ ናት። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴትዮ በሁለት ሳምንት ለመድኩት። ለሰው አላወራውም እንጂ እኮራበታለሁ።

ዛሬም ዳገቱን አልወጣም። ካርታው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰባተኛው የድንጋይ ምልክት ጋ ሲደርስ ቧንቧውን ይተውና ወደ ግራ፣ ወደ ጫካው ይገባል። ዞሮ ከዳገቱ ማዶ ዘጠነኛው ጋ ይወጣል። እንደ ወትሮው የጫካውን ዱካ አጠፋሁ። በምትኩ ቧንቧውን ይዤ በዳገቱ ላይ አዲስ ነጥብ በእጄ ደረደርኩ። በጣም ቀጥ ካለ ያስነቃል፣ ስለዚህ አለፍ አለፍ እያልኩ አጣምመዋለሁ። ሴቭ አድርጌ ለቢሮው ላክሁ። አለቀ።

ጡረታው አንድ ዓመት ከአራት ወር ቀረው። ጉልበቱን ካወቁ ያሰናብቱታል። እንዲህ ማድረግ ከጀመርን ስምንት ወራችን። ማንን ጎዳን? ዳገቱ ላይ ያለው ቧንቧ ወፍራም ብረት ነው፣ ምን ይሆናል...

ጥር 7፣ ዓርብ

አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ። አልገባም። ስልኩ አይጠራም።

ጥር 8፣ ቅዳሜ

አለቃው ጠዋት ሁለት ሠራተኞች ይዞ መጣ። በብብቱ የወረቀት ጥቅል።

"አይዞሽ እህቴ። ያንቺ ሰው መንገድ የሚስት ሰው አይደለም። ስምንት ወር ሙሉ አንድ እርምጃ ዝንፍ አላለም፣ ይኸው ዱካው።"

ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የኔው እጅ ሥራ። ያቺን በዳገቱ ላይ ትንሽ ትንሽ ያጣመምኳትን መስመር በጣቱ እየተከተለ፣ "እዚህ ጋ ተንሸራቶ ይሆናል። ከዳገቱ በታች ያለውን ገደል በገመድ እናስሳለን" አለ።

"ጫካውንስ?" አልኩ።

"ጫካው ምን ያደርጋል? በዚያ ሄዶ አያውቅም እኮ።"

አሁን ንገሪው፣ አሁን፣ አልኩ በሆዴ። አፌን ከፈትኩ...

"ሻይ ትጠጣላችሁ?"

ጠጡና ሄዱ።

ምን ነካኝ? እሱ እያነከሰ ቢመጣስ ብዬ ነው። መጥቶ "አጋልጠሽኝ ነው?" ቢለኝስ ብዬ። ለሰው ትንፍሽ እንዳትይ ብሎኝ ነበር። ዛሬን ልታገሥ፣ ገደሉን ሲጨርሱ ወደ ጫካው ይዞሩ ይሆናል...

አልዞሩም። ሲመሽ እጃቸው ተልጦ ተመለሱ።

ጥር 9፣ እሑድ

ነገርኩት። ጠዋት ቢሮው ድረስ ሄጄ፣ ቆሜ።

"ዱካው ውሸት ነው። እኔ ነኝ የሣልኩት።"

አለቃው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

"እሺ። እውነተኛውን አምጪው።"

የለም። ያንን ነው ያላሰብኩት። ባስተካከልኩ ቁጥር በላዩ ላይ ነው ሴቭ ያደረግሁት። ጂፒኤሱ ያለው ከሱ ጋር ነው። ጸሐፊዋ አጠገቤ ተቀምጣ ፋይሎቹን አንድ ባንድ ከፈትን፣ ስልሳ ስምንት። ሁሉም ዳገቱን ይወጣሉ። ሁሉም የኔ ናቸው።

"የተሰረዘውን መመለሻ ብትጫኚውስ፣ እትዬ?" አለች ጸሐፊዋ።

"ፋይሉ ከተዘጋ አይመልስም።"

"አንዱን እንኳ ሳትነኪው አልተውሽም?"

አልተውኩም። ጎበዝ ነበርኩ።

ካርታውን ሰጡኝና በጣቴ አሳየኋቸው። እዚህ ጋ ይታጠፍ ነበር... ከዚያ ወደ ታች... አይ፣ ወደ ጅረቱ... እዚህ አካባቢ ነጥቦቹ ይከማቹ ነበር። ሰው ባለበት ሲቆይ ጂፒኤሱ እንደዚያ ያደርጋል፣ አንድ ቦታ ላይ ይዘራዋል። ለካስ እዚያ ነበር የሚያርፈው። ዝብርቅርቁ ስለሚያናድደኝ መጀመሪያ የማጠፋው እሱን ነበር። ስምንት ወር ሙሉ የት እንደሚቀመጥ በዓይኔ እያየሁ፣ አንድ ቀን "እዚያ ምን አለ?" ብዬ አልጠየቅኩትም። ዛፍ ይኑር፣ ድንጋይ ይኑር... አላውቅም። ጣቴን አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ አሳርፋለሁ። አንድ ጣት ደግሞ ጫካው ላይ ስንት መቶ ሜትር ነው?

ጥር 10፣ ሰኞ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አገኙት።

ጥር 13፣ ሐሙስ

ከቀበርነው ሁለተኛ ቀኑ።

አትጠይቂ ቢሉኝም ሐኪሙን ጠየቅኩት። ወጣት ነው፣ ዓይኔን ሸሸኝ። ጭኑ ተሰብሯል አለ። ከጅረቱ አፋፍ ተንሸራቶ።

"መቼ ነው ያረፈው ዶክተር?"

"እናቴ፣ አሁን እሱ ምን..."

"መቼ?"

"ቅዳሜ ማታ። ወይ እሑድ ሊነጋጋ ሲል።"

ቅዳሜ። ሻይ ያፈላሁበት ቅዳሜ።

ልብስ ሰፊዋ ሦስት ቀን ሙሉ ከጎኔ አልተለየችም፣ ራሷ ገና ሳትድን። "አንቺ ምን አደረግሽ፣ ጉልበቱ ነው" ትለኛለች። እጇን ጨበጥኩ። አንቺ ነሽ ብትለኝ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

ጥር 15

አልተነሳሁም።

ጥር 21፣ ዓርብ

አለቃው ጂፒኤሱን አመጣልኝ። በላስቲክ ጠቅልሎታል፣ ጭቃው እንዳለ ነው። አልቀመጥም አለ፣ በር ላይ ቆመ።

"ሪፖርቱ ላይ ከዳገቱ ወደቀ ብለናል። ሥራ ላይ እያለ። ያ የጫካው ነገር... ቢቀር ለሁላችንም ይሻላል።"

"ለሁላችንም?"

"እኔም እኮ በየሳምንቱ እየፈረምኩ ነው የተቀበልኩት፣ እህቴ።"

ራሴን ነቀነቅኩ። እንደገና። ዝም ማለት እንዴት ይቀለኛል...

ከሰዓት ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። አዲስ ባትሪ አስገብቼ የመጨረሻውን ዱካ ጫንኩት። ከግድቡ ይነሳል። ሰባተኛው ድንጋይ፣ ወደ ግራ። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ጅረቱ ጋ ይቆማል፣ ነጥቡ ይከመራል። እዚህ ነው የወደቀው አልኩ። መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም፣ ካርታውን አቀረብኩት። ክምሩ ጅራት አለው። በየነጥቡ ላይ ሰዓቱን አየሁ። ዓርብ ስምንት ሰዓት፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ዓርብ አሥር ሰዓት፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። እንደዚያ እያለ ባትሪው እስኪያልቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ። በመለኪያው ለካሁት፤ ስልሳ ሁለት ሜትር።

በደረቱ እየተሳበ ነበር። ወደ ቧንቧው።

የት እንደሚፈልጉት ያውቅ ነበራ። ምን እየሣልኩ እንደምልክ ያውቃል። ጫካ ውስጥ ማንም እንደማይመጣለት ገብቶት፣ በተሰበረ እግሩ እኔ ወደሣልኩት መስመር እየሄደ ነበር።

ፕሮግራሙ "ያልተለመዱ ነጥቦች ተገኝተዋል፣ ይጥፉ?" ይለኛል። አይጠፉም። አንዱንም አልነካሁም።

የካቲት 6፣ ቅዳሜ

በሱ ቦታ የተቀጠረው ሰውዬ መጣ። አርባ ቢሞላው ነው። ጫማውን በር ላይ አራግፎ ገባ፣ ጨዋ ነው። ጂፒኤሱን ከቦርሳው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

"እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት። እንግዲህ... ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ ነዎት አሉኝ።"

"ማን አለህ?"

"ሠራተኞቹ። አይቀየሙኝና ሪፖርቱ ላይ ባለቤትዎ ከዳገቱ ወደቁ የሚለውን ሳይ ልቤ ፈራ። ስለዚህ እኔ አልወጣውም፣ በጫካው በኩል ነው የምዞረው። አንዴ ብቻ ነጥቧን ቢያስተካክሉልኝ..."

ሪፖርቱ ነው፣ ያ ራሴን የነቀነቅኩበት ሪፖርት ነው ይኼን ሰው ወደ ጫካው የሚነዳው።

"ና፣ ወዲህ ቅረብ" አልኩት። የመጨረሻውን ዱካ ከፍቼ ከግድቡ ጀምሬ አሳየሁት። ምንም አልደበቅኩም፤ ስልሳ ስምንቱን ፋይል፣ ሻዩን፣ ስልሳ ሁለቱን ሜትር። በየነጥቡ ሰዓቱን አነበብኩለት። እሱ እያየ ያንኑ ዱካ፣ እንዳለ፣ ለቢሮው ላክሁት። ለአለቃውም፣ ለበላዩም።

"ጡረታዎን አይነኩብዎትም?" አለ።

"ይንኩት" አልኩ።

"ያንተን ዱካ ግን አላስተካክልም" አልኩት። "በሄድክበት ይታይ። ዳገቱን ካልቻልክ አልቻልኩም ብለህ ንገራቸው።"

"እሱን ካልኩ በነጋታው ሌላ ሰው ነው የሚቀጥሩት፣ እትዬ።"

ልክ ነው።

ጂፒኤሱን ቦርሳው ውስጥ መለሰ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ "አራት ልጆች አሉኝ" አለኝ።

ማክሰኞ በየት እንደሚሄድ ግን አልነገረኝም።