ከጉስታቭ ጋር መዝለያው ላይ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

መነጽር መሸጫው ውስጥ ገበያ የለም። የመነጽር መስታወት ስወለውል ዋልኩ። ማታ የጎመን ሾርባ ሠራሁ። ወንድሜ ጉስታቭ ደግሞ አስጨመረ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጦ፦

«ቅዳሜ ዛኮፓኔ እንሂድ።»

«ምን ልናደርግ?»

«የስኪ መዝለያውን ልናይ። እንደ ሰው ትኬት ቆርጠን፣ በገመድ በሚጎተተው ወንበር ወጥተን፣ የተጠበሰ አይብ በልተን… እንደ ቱሪስት።»

እሺ አልኩት። ሳህኖቹን አጠብኩ። ወንድሜ የበረዶ መንሸራተቻውን እግሩ ላይ አስሮ ሲዘል እዚያ ከወደቀ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የዚያን ኮረብታ ስም እቤታችን ያነሳ የለም። ቴሌቪዥን ላይ ዝላይ ሲመጣ ጣቢያ የምቀይረው እኔ ነኝ። አሁን መደንገጥ ነበረብኝ… ወይ ቅር ሊለኝ። ምንም የለም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ጉስታቭ ስልክ ላይ ሲስቅ ሰማሁት። ከሊድካ ጋር ነው፤ አምና ለእግሩ ብሎ ማዕድን ውሃ ሊታጠብ ሲሄድ ከተዋወቃት ልብስ ሰፊ። ስገባ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ምን ይደብቀኛል?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ወደ ቤት እየተመለስን ነው። ጉስታቭ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል።

ተራራው ሥር ያለችው ዛኮፓኔ ሰው ግጥም ብሏል። የነጭ ድብ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ፎቶ እንነሳ ብሎ መንገድ ዘጋብን። «በዚህ ሙቀት አትቀልጥም?» አለው ጉስታቭ። ከልብሱ ውስጥ «ቀልጬ አልቄያለሁ፣ ቶሎ በል» የሚል ድምፅ መጣ። ተነሳን። እኔ ፎቶው ላይ እንደ መታወቂያ ፎቶ ነው የወጣሁት።

ወንበሮቹ ላይ ሰው የሚያሳፍረው ሽማግሌ የጉስታቭን ምርኩዞች አየ።

«ወንበሩን ላቁምልህ፣ ልጄ?»

«ቀስ ካደረግክልኝ ይበቃኛል፣ አባቴ። ድሮ በዚህ ስወጣ ስኪ ተሸክሜ ነበር።»

ሽማግሌው ትክ ብሎ አየው። «ትዘል ነበር?»

«መዝለሉንስ አውቅበት ነበር። ማረፉ ነው የጠፋኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ቆምኩ።

ላይ ወጣን። በበጋ በረዶ የለም፤ ቁልቁለቱን አረንጓዴ ፕላስቲክ አልብሰውታል፣ ውሃ ይረጩበታል። ልምምድ ላይ ነበሩ። አንዲት ልጅ መነሻው ላይ ያለው እንጨት ላይ ተቀመጠች። ታች አሰልጣኙ «ሂጂ» ለማለት እጁን ጣለ። ሄደች… ጨርቅ ሲተረተር የመሰለ ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ።

«ለመዝለል ዘገየች» አለ ጉስታቭ፣ ብረቱ ላይ ተደግፎ። «ግን ታርፋለች።»

እኔ እሱን ነበር የማየው። እሷን አይደለም።

«ብሮንካ፣ ታች እዪ።»

«አየሁ።»

«አላየሽም። ያን ቀን የት ነበር የቆምሽው?»

ጠቆምኩት። አጥሩ ጋ፣ ሻይ ይሸጡበት የነበረው ቦታ። ነፋሱ ግራ ስኪውን ሲያነሳበት አይቻለሁ። ሲንከባለል አይቻለሁ። ሰዉ ሁሉ ጮኸ፣ እኔ አልጮኽኩም። የማላውቃት ሴትዮ የሻይ ኩባያውን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ እጄን እያቃጠለኝ ኖሯል።

«እኔ ከዚያ ተነስቻለሁ» አለኝ። «እያነከስኩም ቢሆን ተነስቻለሁ። አንቺ ነሽ አጥሩ ጋ የቀረሽው።»

የቦርሳዬን ዚፕ ዘጋሁ።

«ከሊድካ ጋር ልንጋባ ነው። በዚህ ወር ዠሹፍ ከተማ፣ እሷ ጋ እገባለሁ። እቤት ብነግርሽ ሾርባ ታቀርቢልኝ ነበር። ለዚያ ነው እዚህ ያመጣሁሽ።»

«እንኳን ደስ አለህ።»

«በቃ?»

«ምን ልበል?»

«ስደቢኝ! ሃያ ዓመት አብልተሽ፣ አጥበሽ፣ ጥዬሽ ስሄድ… አንድ ነገር በይኝ እንጂ!»

ፈለግኩ። እውነቴን ነው፣ ውስጤን ፈለግኩ፤ ባዶ ነው። ሌላ ዘላይ በፊታችን አለፈ። ጉስታቭ ፊቱን አዞረ።

ወርደን አይቡን በላን። ጨው በዝቶበታል።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ጌኖቬፋ «ዛኮፓኔ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው። ሰው ይበዛል።»

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ሊድካ መኪና ይዛ መጣች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ። አቀፈችኝ፣ አልለቅ አለች።

«እትዬ ብሮንካ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«ለምን እቀየምሻለሁ?»

ጉስታቭ መኪናው ውስጥ ገብቶ በመስኮት ጠበቀኝ… ምን እንደሚጠብቅ ገብቶኛል። እጄን አውለበለብኩ። ሄዱ። ወለሉን አጠብኩ። ክፍሉን አናፈስኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 25

ጠዋት እንቁላል ልጠብስ ብዬ መጥበሻውን ፈለግኩ። የለም። ከባዱ፣ የእናታችን። ደወልኩ።

«መጥበሻውን ወስደኸዋል?»

«የእኔም እናት ናት እኮ።»

«አንተ እንቁላል መስበር እንኳ አታውቅም!»

«ሊድካ ታውቃለች።»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ሌባ አልኩት። «ትሄዳለህ፣ በዚያ ላይ መጥበሻ ይዘህ! ለማን ልጥበስ እኔ? ለማን?» ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ወይዘሮ ጌኖቬፋ መስኮቷን ከፈተች። ትስማ! ስለ እግሩ ጮኽኩ፣ ስለ ነፋሱ ጮኽኩ፣ አግብቼ ስላለመውለዴ ጮኽኩ። በመጨረሻ ቃሉ ጠፍቶ ጩኸቱ ብቻ ቀረ። ራሴን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ አገኘሁት። ስልኩ ጸጥ አለ። ዘጋው እንዴ?

«ጉስታቭ?»

«አለሁ» አለ። እያለቀሰ ነበር። «ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ።

አሁን ቀትር አልፏል። እንቁላሉን ቀቅዬ በላሁት፤ እንደዚህ ርቦኝ አያውቅም። ፊደሎቼ ተዘባርቀው የጻፍኩትን ራሴም ማንበብ አቅቶኛል።