ለመርከብህ የሠራኋቸው መስኮቶች

ውድ ልጄ፣

እኛ ደህና ነን። አጎትህም ከነቁጣው ደህና ነው። ይህን በጽሑፍ ያደረግኩት በስልክ ልነግርህ እየፈለግኩ ስላቃተኝ ነው፤ ድምፅህን ስሰማ ሌላ ሌላውን ቀባጥሬ እዘጋዋለሁ።

አጎትህ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መቀመጥ አልሆንለት ብሎ መርከብ እየሠራ ነው። ያንተን መርከብ፣ ልብስ አጣቢ ሆነህ የምትሠራባትን! የላክልንን ፕላን አሳድጎ አሳተመና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ትንሽ መርከብ ብሎ ጀምሮ አሁን አፍንጫዋ ከጠረጴዛው አልፎ ወጥቷል፤ ወደ ጓዳ የምገባው እንደ ሸርጣን በጎን እየሄድኩ ነው።

አካሏን ከእንጨትና ከቆርቆሮ እሱ ሠራው። ጥቃቅኑ ግን እምቢ አለው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። «አንቺ ዕድሜ ልክሽን ቁልፍ ስትተክዪ ኖረሻል፣ ነይ እስቲ» አለኝ። የመደገፊያውን አጥር ከመዳብ ሽቦ ሠራሁ። ለክብ መስኮቶቹ የድሮውን ሬዲዮ አንቴና ነቀለው፤ ላዩ ሲፋቅ ለካ ውስጡ ናስ ነው። እሱ ሞርሳ ላይ አስሮ በቀጭን መጋዝ እንደ ቀለበት ይቆርጠዋል፣ እኔ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ።

መስታወቱ ደግሞ መስታወት እንዳይመስልህ፣ ኮላ ነው። በመርፌ ጫፍ ጠብታ ትይዝና የቀለበቱን ዙሪያ ቀብተህ ወደ መሃል ትስበዋለህ፤ እንደ ሳሙና አረፋ ሳስቶ ይወጠራል። መጀመሪያ ወተት ይመስላል፣ ሲያድር ጥርት ይላል። ታዲያ ከተነፈስክበት ይፈነዳል። ስለዚህ ማውራት ክልክል ነው። እኔን አስበኝ እንግዲህ!

«ተነፈስሽ!» ይለኛል።

«አልተነፈስኩም፣ ላወራ አሰብኩ እንጂ።»

«አንቺ ስታስቢም ትተነፍሻለሽ!»

እንዲህ እየተጨቃጨቅን የአንዱን ጎን መስኮቶች ጨረስን። ከዚያ ከቀሩት ቀለበቶች ያማረውን መረጥኩ፣ ጭረት የሚባል የሌለበትን። ያንተን መስኮት ልሠራ ነበር። ያንን ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ ፀሐይዋ ከባሕሩ ስትወጣ አይበታለሁ ያልከኝን። ስፌት ቤት ስንት ጊዜ እንዳወራሁት አትጠይቀኝ፣ ሰዎቹ በቃቸው።

«ጋሼ፣ የልጄ ክፍል የቱ ጋ ነው?»

«የትም አድርጊው። ያው መስኮት ነው።»

ለአንዲት ሚጢጢ በር ግማሽ ቀን ማስመሪያ ይዞ የሚቆም ሰው የትም አድርጊው ሲል ነገሩ አላማረኝም።

«ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው የምተኛው ብሎኛል። ማጠቢያውን አሳየኝ።»

ያልሰማ መስሎ ቀለሙን መቀባቱን ቀጠለ።

«አንተ! ላንተ እኮ ነው!»

ብሩሹን ገልብጦ በእንጨቱ ጠቆመኝ። ማጠቢያው እታች ነው፣ ከሞተሩ ጎን፣ ቀይ የተቀባው ሆድዋ ውስጥ። ቀዩ ውሃ ውስጥ የሚገባው ነው።

«እንግዲያው እዚያ ጋ አንድ ብሳልኝ» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልታሰጥሚያት ነው?»

እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። «ክፍሉ መስኮት እንደሌለው ፕላኑን ያየሁ ዕለት ነው ያወቅኩት» አለኝ። «ስታወሪው ደስ ስለሚልሽ ተውኩሽ።»

አለቀሰች ብለህ እንዳታስብ። ተነሥቼ ዕቃ አጠብኩ። ዕቃው ላይ እንዳለሁ ግን ሌላው ሁሉ ተራ በተራ መጣ፦ ስትደውል ከኋላህ ሲጮኽ የምሰማው፣ አንተ ነፋስ ነው የምትለኝ። ፎቶው ላይ ፊትህ ገርጥቶ ሳይ ጥላ ነው ያልከኝ።

አልተቀየምኩህም። እናቴ እንዳትጨነቅ ብለህ ነው፣ ይገባኛል። ብቻ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስናፍቀው የኖርኩት መስኮት ያለውን ልጅ ነው። እታች የሚተኛውን ልጅ እንዴት አደርክ ያለው ሰው የለም። የከነከነኝ እሱ ነው።

መርከቧ ልታልቅ ነው። ቀዩ ላይ መስኮት አልሠራንም። አጎትህ አልጋህ የሚሆንበትን ገምቶ በእርሳስ ምልክት አደረገልኝ፣ ቀለም እንዳይደገምበትም ነግሬዋለሁ።

እሁድ ስትደውል ስለ ፀሐይዋ ይቅርብን። ከላይህ ባለው አልጋ የሚተኛው ማን ነው፣ ያንኮራፋል? ሙቀቱስ እንዴት ነው? ሳሙናው እጅህን ይልጥሃል? ከብዶህ ከሆነም ከብዶኛል በለኝ፤ ልምጣ ካልክም በሩ ያው በር ነው፣ ለምን መጣህ የሚልህ የለም። ደህና ነኝ የምትለኝ ደህና ስትሆን ብቻ ይሁን።

እስከዚያው ራስህን ጠብቅልኝ። እናትህ ነኝ፣ እችለዋለሁ።