ከዒድ በኋላ የተቀዳው ደም

እሁድ

በረዶው አልቀለጠም። ይሄን መጀመሪያ ልጻፈው፣ ነገ እኔም ራሴ እንዳልጠራጠር። ደሙ ያለባቸውን ቱቦዎች ኹበር ከተማ ካለው ክሊኒክ ስረከብ በረዶ ውስጥ ነበሩ። እኔው ነድቼ ደማም ከተማ ላቦራቶሪያችን ገብቼ ሳወጣቸውም በረዶው ጠጣር ነበር፣ ጣቴን አቃጥሎኛል። አለቃዬ ዶክተር ናቢል ግን ዛሬ ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ዘሐራ፣ ሙቀት ነክቶታል፣ ኸላስ፣ አበቃ" አለኝ።

የምናጠናው የነርቭ ሕመም ነው፣ የማይለቀውን፣ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖረውን። የታማሚ ደም ከጤነኛ ደም ጋር እናስተያያለን። ጤነኛ አምጪ ተባልኩ፣ የአገሬን ልጆች አመጣሁ። ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች፣ ጠንካራ፣ ፈቅደው የፈረሙ። ውጤቱ ሲወጣ የጤነኞቹ ሆሞሲስቴይን ከታማሚዎቹ በልጦ ቁጭ አለ። ሆሞሲስቴይን ደም ውስጥ ሲበዛ ለነርቭ ደግ ምልክት አይደለም። ግን ደሙ በረዶ ላይ ሳይውል ከቆየም በራሱ ጊዜ ይጨምራል። በቃ፣ ጥፋተኛዋ ተገኘች።

ከዚያ ግራ እጄን አየ። "ደክሞሽ ይሆናል" አለኝ በእንግሊዝኛ፣ በለስላሳ ድምፅ። ኤም ኤስ የሚባለው የነርቭ ሕመም እንዳለብኝ ያውቃል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ቱቦዎቹ ይጣላሉ። "በአያያዝ ስህተት የተበላሸ" ተብሎ በስሜ ይጻፋል። ኮንትራቴ የሚታደሰው ደግሞ በዚህ ወር ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬም፣ ከሱ ጋር። እንዲህ ተጽፎብኝ ማን ያድሳል?

አይጣሉም።

ሰኞ

ተናድጄ ዋልኩ። ንዴት ግራ እግሬን ያከብደዋል፣ ግን ምን ላድርግ።

ነርቭን ማንም አላስተማረኝም። እኔ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፣ እዚህም የመጣሁት ቱቦ ላጥብ፣ ማሽን ልጠብቅ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ሐኪሙ ፊልሜን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ "የነርቭሽ ሽፋን እየተላጠ ነው" ሲለኝ፣ ሽፋኑ ከምን ነው የሚሠራው ብዬ ጠየቅኩት። ሰዓትሽ አልቋል አለኝ። ወጥቼ ራሴ አነበብኩ። ሁለት ሁለት ስለሚታየኝ አንድ ዓይኔን በጨርቅ አስሬ፣ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ ቃል በቃል። ዛሬ የዶክተር ናቢል ተማሪዎች ሲጨንቃቸው የሚመጡት እኔ ጋ ነው። ጽሑፉ ሲታተም ስሜ ምስጋናው ጋ ይገባል፣ ማቀዝቀዣ ከሸጠልን ሰውዬ በታች።

ቢሮው ገባሁ። ሴቶቹን እንደገና እንመርምር አልኩት።

"ምን ፈልገሽ? ጤነኛ ሴቶች ሁሉም ባንድ ጊዜ ከምን መጥቶባቸው ይታመማሉ?"

  ወጣሁ።

ማክሰኞ

እታገኝ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ደም ከሰጡት አንዷ ናት፣ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ። ቤት እየተቃጠለ ስቃ የምታወራ ናት።

"ስሚኝማ እቴ፣ ነጠላ ጫማዬ ደረጃ ላይ ወልቆ ቀርቶ እኔ ኩሽና ደርሻለሁ። ትንሹ ልጅ ነው ጫማሽ የታለ ያለኝ። እግሬ የኔ አልመስል ብሎኛል። ሳህን በሰበርኩ ቁጥር ማዳም ሰነፍ፣ ከስላና ናት እያለች ኹሩጅ መትቼ አገርሽ እሰድሻለሁ ትለኛለች። በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው፣ አቅም ከየት ይምጣ።"

ሁዳዴ። መልሼ ሰማሁት።

ረመዳን እስኪያልቅ ያስጠበቅኳቸው እኔ ነኝ። ጾም ደሙን እንዳያዛባው፣ ከዒድ በኋላ ይሁን ብዬ ተከራክሬ። ዒድ ሲያልፍ የዓለም ጾም ሁሉ ያለቀ መሰለኝ። የወሎ ልጅ ሆኜ፣ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቼ አድጌ። ክሊኒኩም የጠየቃቸው ቁርስ በልታችኋል ወይ ብቻ ነው። በልተዋል። ምን እንደበሉ የጠየቀ የለም።

ደወልኩላት።

"ምን ምን ትበያለሽ?"

"ሩዝ፣ ኹብዝ፣ ድንች።"

"ሲፈሰክስ?"

"እሱኑ። ሥጋቸው አይበላም እኮ፣ እናንተ ያረዳችሁት።"

"እኔ ምን አረድኩ?"

"ያው ናችሁ" አለችና ሳቀች። "ከመጣሁ ሥጋ በአፌ አልዞረም። ወተቱ የልጆቹ ነው፣ እንቁላሉ በቁጥር ነው። ቆሎ ከአገር ሲላክልኝ ያን ጊዜ ነው ሰው የምሆነው።"

ቁጭ አልኩ። ይህ የአንድ ጾም ነገር አይደለም፣ የዓመታት ነው። ቪታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው። እሱ ሲጎድል ሆሞሲስቴይን ይጨምራል፣ የነርቭ ሽፋንም ያለሱ አይሠራም። አገሯ ብትሆን ፋሲካ ሲመጣ የራሷ ሰው ያረደውን ትበላ ነበር። እዚህ የሚፈሰክ ነገር የለም።

ረቡዕ

በጠዋት ናቢል በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

"ተሳስቻለሁ" አልኩት።

አፉን ከፈተ። ከኔ ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅም።

"በረዶው ላይ አይደለም። ቀኑ ላይ፣ ሰዎቹ ላይ።" ነገርኩት፣ ሥጋውንም ጾሙንም። ከዚያ ሜቲልማሎኒክ አሲድን አነሳሁበት። እሱ ሁለተኛ ምስክር ነው። ደሙ ሞቀ ቀዘቀዘ ግድ አይሰጠውም፣ የሚጨምረው ቢ12 ሲጠፋ ነው። "ካልጨመረ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በእጄ እጥለዋለሁ። ከጨመረ በረዶዬን አትንካብኝ።"

 ክፉ ሰው ነው ብዬ አልጽፍም። ነገሩ ሲገባው ዓይኑ ይለወጣል። "እስከ ነገ ስብሰባ" አለ።

የማሽኑ ባለሙያ ሱሬሽ የምሳ ሰዓቱን ለቀቀልኝ። ግራ እጄ ተንቀጠቀጠ። ክርኔን የተጠቀለለ ፎጣ ላይ አስደግፌ፣ ቱቦውን በመደርደሪያው አስይዤ፣ በቀኜ ሠራሁ። ቀስ ብዬ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ሱሬሽ ላግዝሽ አለኝ፣ እምቢ አልኩ። ቢያግዘኝ ነገ የሱ እጅ ነው ይሉኛል።

ሐሙስ

ጨምሯል።

የሁሉም ግን አይደለም። የአንዳንዶቹ ቀጥ ያለ ጤነኛ ነው። ናቢል ይሄን ይዞ "አየሽ፣ የተዘበራረቀ ነው" ሊለኝ ሲል ኮዱ ይከፈት አልኩ። ቱቦው ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፣ የማን ደም እንደሆነ እስካሁን ማንም አላየም። ተከፈተ። የጨመረባቸው ሁሉ ክርስቲያኖቹ ናቸው። ደህና የወጡት የኔዎቹ የወሎ ሙስሊሞች፣ ሥጋውን የሚበሉት።

"አንድ ሳጥን፣ አንድ በረዶ፣ አንድ መኪና" አልኩ። "ሙቀት ሃይማኖት አይመርጥም።"

ሱሬሽ ሳቁን በሳል ደበቀ።

ናቢል ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከስሞቹ ጋር አስተያየ። በኋላ፣ እነዚህ ጤነኛ ስላልሆኑ ማነጻጸሪያ አይሆኑም፣ ግን አይጣሉም፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣቸዋል አለ።

"ስሜስ የት ነው የሚገባው?"

"እናያለን።"

"ኮንትራቴስ?"

"እሱንም እናያለን።"

እናያለን በሱ አፍ እሺ አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ቱቦዎቹ ግን ማቀዝቀዣ ገብተዋል፣ "ተበላሸ" የሚለውም አልተጻፈም። 

ጁሙዓ

እታገኝን ክሊኒክ ወሰድኳት። ማዳሟ የሐኪሙን ወረቀት ስታይ "ለምን አልነገረችኝም?" አለች። ከስላና እያልሻት ምን ትንገርሽ ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ለእታገኝ ስል ነው እንጂ ወላሂ አልውጠውም ነበር።

መርፌው ሲዘጋጅ ክንዷን ሰበሰበች።

"ሥጋ አለበት?"

"የለበትም። ባክቴሪያ ነው የሚሠራው።"

"ባክቴሪያውን ማን አረደው?"

"ማንም አላረደውም፣ አብሽሪ፣ ክንድሽን አምጪ።"

ነርሷ ምን እንደሚያስቀን ግራ ገባት። ተወጋች።

ከዚያ አስቀምጬ ዓይኗን አስጨፈንኳትና የእግሯን አውራ ጣት በእስክሪብቶ ጫፍ ነካሁ። "የቱን ነካሁ?" "ኧረ አልጀመርሽም።" ቀጣዩንም፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውንም። ምንም።  ሽፋን ባንድ መርፌ አይሠራም፣ ይሄን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ግን ጠብቄ ነበር። የኔ የተላጠው ተላጠ። የሷ ገና ነው፣ ከደረስንበት ሊመለስ ይችላል።

ትንሿን ጣት ስነካ ግን ግንባሯን ቋጠረች። "እዚያ ጋ ጉንዳን ነገር አለ።"

"ዛሬ ነው የጀመረሽ ወይስ ድሮም ነበር?"

አላወቀችም። እኔም አላወቅኩም። ነጠላ ጫማውን ትታ ተረከዝ ላይ የሚታሰረውን እንድታደርግ አስማልኳት፣ በሚመጣው ጁሙዓ ያችኑ ጣት እነካለሁ።