ከምርጫው በኋላ

ጥር 9

የጠዋት ፈረቃ ነበርኩ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ማቅለሚያ ክፍል ያለው የእንፋሎት ቧንቧ ዛሬም ሲያፏጭ ዋለ። መገጣጠሚያው ላይ ጨርቅ ጠምጥመውበታል። ጨርቅ! የባሌ ታናሽ እህት፣ ፍልቅልቋ፣ እዚያው ሥር ነው የምትሠራው።

«ሀብታሞቹ ፊታቸውን በእንፋሎት ለመታጠን ገንዘብ ይከፍላሉ፤ እኔ በነጻ! ቆዳዬን አታዩትም?» እያለች አሳቀችን። የካቦው እንኳ ጥርስ ታየ።

ራት ላይ፣ በሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ለሚሠራው ባሌ ነገሩን አነሳሁለት።

«ማኅበራችን ለፌዴሬሽኑ ካሳወቀ ቆየ እኮ። ምን ደረሰ?»

«ደርሶናል። ትንሽ ታገሱ… ከምርጫው በኋላ።»

«ቧንቧው ምርጫ እንዳለ ያውቃል?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቱ ግን አልሳቁም። «እዚያ ሥር ያለችው ልጄ ናት» ብለው ሳህናቸውን ገፋ አደረጉት።

ጥር 15

ዛሬ ደግሞ በስብሰባ ብዛት ድምፁ ተዘግቶ መጣ። የፌዴሬሽኑ ሊቀመንበር በገዥው ፓርቲ ስም ሊወዳደር ነው። ባሌንም አጭተውታል። ፌዴሬሽኑ የቱ ጋ አልቆ ፓርቲው የቱ ጋ እንደሚጀምር እኔ መለየት ካቃተኝ ቆየ። እሱስ ይለየው ይሆን?

ፌዴሬሽን ሳይገባ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ማሽን ሸማኔ ነበር። ማኅበራችንን ያቋቋመው እሱ ነው።

«ውስጥ ካልገባን ማን ይሰማናል?» አለኝ።

ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። አላከከም። ያምንበታል ማለት ነው…

ጥር 23

ቧንቧው ፈነዳ።

ጥር 24

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልሞክር።

ሽመና ክፍል ሆነን ነው የሰማነው። ከዚያ ጩኸት። የባሌን እህት በአቡጀዲ ተሸክመው አወጧት። ገና ቀለም ያልነካው ነጭ አቡጀዲ…

ሆስፒታል ባሌ እየሮጠ ደረሰ። ሰውነቷ በሙሉ በፋሻ ተጠቅልሏል። የሚያዝ ቦታ ስላጣባት እግሯን ይዞ አለቀሰ።

«ተው እንጂ» አለችው። ድምፅዋ አይወጣም። «ዓይንህ ያብጥና… የምርጫው ፎቶ ይበላሻል።»

በዚያ ሁኔታዋ እንኳ ልታስቀው!

ጥር 27

ዐረፈች።

የካቲት 2

ማሽኖቹ ቆመዋል። የማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ሽማግሌው መካኒክ፣ «ቧንቧው ሁሉ ሳይቀየር አንዲት ማሽን አትነሳም» ብለዋል። ማንም አልተቃወመም።

ባሌ አመሻሹ ላይ መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«የፌዴሬሽኑ መሪዎች ሠራተኛውን እንዳናግር ፈልገዋል። ምርጫው ደጃፍ ላይ ነው… የሥራ ማቆሙ ፓርቲውን ይጎዳል አሉ።»

«ለምን አንተ?»

«ወንድሟ ስለሆንኩ።»

«አይሆንም አላልካቸውም?»

ተነሥቶ ካፖርቱን ሊሰቅል ሄደ። እኔስ ለምን ደጋግሜ አልጠየቅሁትም? መልሱን ፈርቼ ነው መሰለኝ።

የካቲት 4

ተናገረ።

ግቢው ጢም ብሎ ነበር። ዕቃ መጫኛው ላይ ወጣ። የፓርቲውን ኮፍያ አድርጓል። ከወረቀት ነው ያነበበው። «አደጋው በሠራተኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት የተከሰተ መሆኑን ፌዴሬሽናችን አረጋግጧል…» እዚህ ላይ ጆሮውን አከከ። ሁሉም ሰው አየው። ትርጉሙን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

የጮኸ የለም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። መካኒኩ ብቻ ኮፍያቸውን አወለቁና «እህትህ እኮ ናት ልጄ» አሉት። በቃ።

ቤት ስገባ እናቱ ራዲዮኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። ንግግሩን ባልሰሙ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

«‹ሠራተኛዋ› አለ» አሉኝ። «‹እህቴ› ማለት ምኑ ከበደው?»

ራዲዮኑን አጠፋሁት።

እሱም ሲመጣ፦ «እኔ ባላነበው ሌላ ሰው ያነበው ነበር።»

«ሌላ ሰው ያንብበዋ!»

«ውስጥ ሆኜ የየፋብሪካውን ቧንቧ አስቀይራለሁ። በእሷ እምልልሻለሁ! ግን መጀመሪያ ልግባ…»

ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ላቅፈው ፈልጌ ነበር። ክንዴ እምቢ አለ።

የካቲት 12

ከፌዴሬሽኑ እንውጣ ወይስ እንቆይ? ዛሬ ድምፅ ተሰጠ። ፌዴሬሽኑ ታዛቢ ብሎ የላከው… እሱን። ሆን ብለው ይሆን?

የመጀመሪያው ስብሰባችን ትዝ አለኝ። ልጃገረድ ነበርኩ፤ አፍሬ እጄን እስከ ጆሮዬ ብቻ አነሳሁ። እሱ ከመድረኩ ላይ፣ «እህት፣ ወደ ላይ! ግማሽ እጅ አይቆጠርም!» አለኝ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም የዚያን ዕለት ወደድኩት።

ዛሬ «እንውጣ የምትሉ» ሲባል እጄን ሙሉ በሙሉ አነሳሁ። አየኝ። አላወረድኩም። አንገቱን የደፋው እሱ ነው።

ወጣን።

የካቲት 13

ቤቱን ለቆ ሊወጣ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ሸሚዞቹን አጣጠፍኩለት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እየሄደብኝ ሸሚዝ አጣጥፋለሁ…

«እማዬ፣ ነይ አብረን እንሂድ» አላቸው።

«እኔ ምራቴ ጋር ነኝ።»

የካቲት 29

ኩባንያው እጅ ሰጠ። አዳዲስ ቧንቧዎች በመኪና ገቡ። ደስታ ፈልጌ አጣሁ። መካኒኩን ግን አባረሯቸው። «አመጽ በማነሳሳት» ተብሎ።

መጋቢት 6

አሸነፈ። ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፎቶው አለ። ዓይኑ አላበጠም።

መጋቢት 20

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሊቀመንበር አድርገው መረጡኝ። ቤት ስደርስ እሱ ተቀምጧል። አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ከስቷል። እናቱ ዳቦና ሻይ አቅርበውለት ሲበላ ያዩታል።

«ቧንቧው ተቀየረ አይደል?» አለኝ። «ከላይ የገፋሁት እኔ ነኝ።»

እውነቱን ሊሆን ይችላል። ጆሮውን አላየሁም፤ ማየት አልፈለግሁም።

በልቶ ሲጨርስ እናቱ ተነሥተው የኮቱን አንገት አስተካከሉለት። ከዚያ ቀስ ብለው፦

«ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ለሞተችው አልቅሼ ትንሽ ቀለለኝ። ላንተ ግን እንዴት እንደሚለቀስ ጠፋኝ ልጄ። አሁን ሂድ።»

እስከ ደረጃው ሸኘሁት። እሱ ዞር ብሎ፦

«ሊቀመንበር ሆንሽ አሉ። እንኳን ደስ አለሽ።»

ከልቡ ነው፤ ዓይኑ በርቷል። ከአዳራሹ ስወጣ መጀመሪያ ልነግረው ያሰብኩት እሱን ነበር እኮ… መንገድ እኩሌታ ላይ ነው አብረን እንዳልሆንን ትዝ ያለኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኩና እጄን ዘረጋሁለት። እሱም ግራ ገብቶት አየኝና ጨበጠኝ። ሁለት መሪዎች ከስብሰባ ወጥተው እንደሚሰነባበቱ።