ያልተሸፈነው ቺንጋ

ለእናቴ፣ ገደብ፣ ወርቃ መንደር

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ? ሰሞኑን ዝናቡ ሲበረታ ያ ቁርጥማትሽ ተነስቶብሽ ይሆን እያልኩ ስሰጋ ነው የሰነበትኩት። የአባዬ ሳል ቀለለለት? ላሟስ ወለደች ወይስ አሁንም ሆዷን ይዛ ትንጎማለላለች? ከዲላ ይዘሻት የመጣሽው የጥቁሯ ጊደር ዘር መቼም አስቸግራሽ አታውቅም፤ እሷም በሰላም ትገላገላለች። ቁርጥ አንቺን የምትመስለው ትጊስ ትምህርቷን ያዘች? የአባቴ ቁርጥ የሆንኩት እኔ ደህና ነኝ፤ ጌታ ይባረክ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከአከራዬ ጋር እጣላለሁ። ከዚህ በላይ ምን ጤንነት አለ?

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪኝ። በስልክ ይህን ነገር ሳነሳው ታለቅሺና ኔትወርክ ጠፋ ትያለሽ። ኔትወርኩ ሁልጊዜ ቺንጋ የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ነው የሚጠፋው! ደብዳቤ ደግሞ አይዘጋም። አይሱዙ የሚነዳው ዚያድ በእጁ ያደርስልሻል፤ ትጊ ታንብብልሽ። ትጊዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ያልጣመሽን እየዘለልሽ እንዳታልፊ፣ አውቅሻለሁ። በቋንቋችን በጌዴኡፋ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ግን ትምህርት ቤት እጄን ያስለመደው አማርኛ ነው፣ አንቺም መጽሐፍ ቅዱስሽን የምታነቢው በአማርኛ ነው።

የላክሽልኝ ሻሽ ደርሶኛል። ቀለሙ እንዴት ያምራል! ከሻሹ ጋር በአጎቴ አፍ የላክሽው መልእክትም ደርሶኛል፤ እሱ ግን አላማረኝም። ሰውየው የሚሰጥሽን ተቀበይ፣ ራስሽን ሸፍነሽ ወደ ቤትሽ ግቢ፣ በሰው ፊት ተገላልጠሽ አትቁሚ ብለሽኛል። መልሴ ይኸውልሽ፦ አልቀበልም፣ አልሸፍንም፣ እቆማለሁ። አሁን ደግሞ ከመቆጣትሽ በፊት አድምጪኝ።

መጀመሪያ እውነቱን ላውራሽ። ሆስፒታል ስትመጪ የምሠራበት የቡና መቀሸሪያ ባለቤት ጋሼ ይርጉ ራስጌዬ ቆሞ ነበር። እሱን ስታዪ ሻሽሽን እስከ ቅንድብሽ ስበሽ ወደ ግድግዳው ዞርሽ፤ የሰማሽውም እሱ ያወራውን ብቻ ነው። ልጅቷ ፀጉሯን ፈትታ ስትሽኮረመም ማሽን ያዛት ብሎሻል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ፀጉሬ አንቺ እንዳስተማርሽኝ ጥብቅ ብሎ የተጎነጎነ ነበር።

የእኔ ሥራ ለቀማ ነው። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ቡና እለያለሁ፤ ማሽን ጋ ምንም ጉዳይ የለኝም። ያን ቀን ካቦው መጣና መቀሸሪያው ሥር የፈሰሰውን ቡና ጥረጊ አለኝ። ሞተሩ ይጥፋ አልኩት። ላንቺ ብለን ሥራ አናቆምም አለኝ። ከሞተሩ እስከ መቀሸሪያው የሚዞረው ቺንጋ ሽፋን የለውም፤ እርቃኑን ነው የሚሮጠው። ጎንበስ ስል ጉንጉኔ ከትከሻዬ ወረደ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የድንቅነሽን ጩኸት ነው፤ ድንቅነሽ እዚያ ግቢ ውስጥ ያረጀች ለቃሚ ናት፣ ሞተሩን ሮጣ ያጠፋችውም እሷ ናት። እሷ ባትኖር ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሰው አልነበረም።

ቺንጋው ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ያለውን ቆዳ ከነፀጉሬ ወሰደው። ሐዋሳ ላይ ከጭኔ ቆዳ አንስተው ለጠፉልኝ፤ ፀጉር ግን ከእንግዲህ አያበቅልም። ግራ ቅንድቤም ወደ ላይ ተስቦ ቀርቷል፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር የገረመኝ እመስላለሁ። ጎረቤቴ መነን ለከሳሽ የሚሆን ፊት ነው ትለኛለች።

ጋሼ ይርጉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ያን ቀን በራሱ መኪና ሆስፒታል አደረሰኝ፣ ጁስ ይዞ እየመጣ ጠየቀኝ፣ በጸሎት ቤቱም አስጸለየልኝ። ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ አሠሪ ከየት ይገኛል አለ። ከሆስፒታል ስወጣ ግን ደመወዜ ቆመ። ለሐዋሳው የሕክምና ቀጠሮ ገንዘብ ስጠይቅ ካቦው አንቺኮ የቀን ሠራተኛ ነሽ፣ ውልሽ የታለ አለኝ። እኔም ዝም ብዬ አልተመለስኩም፤ ቢሮው በር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። በማግስቱ ሽማግሌ ተላከብኝ።

የተሰበሰቡት አጎቴ ቤት ነው። አጎቴን ታውቂው የለ፣ ሽምግልና ከተባለ ከሞት አልጋውም ይነሳል። ጋሼ ይርጉ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ሲከፍተው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዊግ! ከአዲስ አበባ ያስመጣው፣ እውነተኛ የሰው ፀጉር፣ ወገብ የሚደርስ። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ይዘው አደነቁ፤ አንደኛው እንዲያውም ይኸው ፀጉሯን መለሰላት አለ። አድርጊው አሉኝ፣ አደረግኩት። በአጎቴ ሚስት መስታወት ራሴን ሳየው አማረብኝ እማዬ። እንዲህ ነበርኩ አልኩና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና ጋሼ፣ ይሄ ስጦታ ነው ወይስ ካሳ አልኩት። ምን ነካሽ ልጄ፣ ስጦታ ነው እንጂ አለ ደረቱን ነፍቶ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ስጦታውን ተቀብያለሁ፣ በሉ እንግዲህ ካሳውን እንነጋገር አልኳቸው። አጎቴን ሳል ያዘው፤ እስካሁንም የለቀቀው አይመስለኝም።

ያን ጊዜ ጋሼ ይርጉ ፊቱ ተለዋወጠ። እጅሽ ደህና፣ እግርሽ ደህና፣ ነገ መጥተሽ ለቀማሽን መቀጠል ትችያለሽ፣ ምን ጎደለብሽና ነው ካሳ የምትዪው አለኝ። ቀጠለናም ቡና የሚለቀመው በፀጉር አይደለም አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እማዬ፣ የአባቴ ወንድም ሳይቀር ሳቀ። ልቤ የቆረጠው ያኔ ነው። ዊጉን ጠቅልዬ ወጣሁ፤ አሁን ለመነን ለወንድሟ ሰርግ አውሼአታለሁ። አምሮባታል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። አቅም ለሌለው ሰው በነፃ ጥብቅና የሚቆሙበት ክፍል አላቸው። እዚያ ኤልቤቴል የምትባል ጠበቃ አገኘሁ፤ ትንሽ ናት፣ ድምፅዋ ግን የቤት ክዳን ያነሳል። ሁሉንም ጨርሼ እስክነግራት አላቋረጠችኝም። ከዚያ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ሠራተኛ ሥራ ላይ ሳለ ከተጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊነቱ የእሱ ነው፤ ጥንቃቄ አላደረገችም እያለ ቢያወራም ከኃላፊነት አይድንም። የጽሑፍ ውል የላትም ማለትም አያዋጣውም፤ ሠርቻለሁ፣ ከፍሎኛል፣ በቃ ሠራተኛው ነኝ። ሕክምናውን መሸፈን አለበት፤ በሕክምና ላይ እያለሁም ደመወዜን እንዲያው ከመሬት ተነስቶ ማቆም አይችልም። ይህን ሁሉ እንደ እርዳታ ሲቆጥርልኝ የነበረው ግዴታውን ነው ለካ!

እኔ ግን የጋሼ ይርጉ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ፣ እጄ ደህና ነውኮ፣ መልቀም እችላለሁኮ አልኳት። መጽሐፉን ገልጣ አነበበችልኝ። መልክን ክፉኛ ያበላሸ ጉዳት፣ ከሥራ ባያግድም እንኳ ለካሳ ሲሆን እንደ ዘላቂ የአካል ጉዳት ይቆጠራል ይላል። ድገሚልኝ አልኳት፤ ደገመችልኝ። እማዬ፣ እኔ ሕግ የሚያውቀው ጉልበታችንን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፊት እንዳለንም ያውቃል።

ክሱን አስገባን። የሐኪሞች ቦርድም አይቶኝ ጻፈ። ጋሼ ይርጉ ጠበቃ ቀጥሮ ተቃወመ፤ ተጋንኗል፣ ሻሽ ስታደርግ ምንም አይታይባትም አለ። ዳኛዋ በዓይኔ ልያት ብላ ቀጠረች። ኤልቤቴል ካፈርሽ በዝግ ችሎት እንጠይቃለን አለችኝ። እኔም በዝግ ይሁን አልኩ፤ እፍረቱ ሊገድለኝ ነበር። ገበያ ስወጣ ሻሼን በሁለት እጄ ይዤ ነው የምሄደው፤ ነፋስ ሲነሳ ልቤ ይቆማል።

እንዲህ እያለሁ ድንቅነሽ ልትጠይቀኝ መጣች። ሙዝ ይዛልኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ካንቺ በፊትም አንዲት ልጅ ነበረች አለችኝ። ማሽኑ አዲስ የመጣ ሰሞን ነው፤ በጋሼ ይርጉ አባት ጊዜ። ይኸው ቺንጋ፣ ይኸው ቦታ። ለቀማው ላይ መዝሙር የምታወጣው እሷ ነበረች፤ ሳቋ ከመንገድ ይሰማ ነበር አለችኝ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሽማግሌው አንዲት ጥቁር ጊደርና አንድ ሻሽ አሰጣት፣ ይበቃታል ተባለ። ልጅቷ ጊደሯን እየነዳች ወደ ገደብ በኩል ሄደች፤ እዚያው አግብታ ወልዳለች ይባላል። ግቢው ውስጥ ስለ እሷ ያነሳ ሰው የለም። ድንቅነሽ ስሟን ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት፣ ተይው እትዬ፣ ስሟን አትንገሪኝ አልኳት።

እሷ ከሄደች በኋላ ብዙ ነገር አሰብኩ እማዬ። ያን ጊዜ መሸፈን የነበረበት ቺንጋው ነበር። እነሱ ግን ልጅቷን ሸፈኗትና ቺንጋው እንደ ተገለጠ እስከ እኔ ድረስ ሮጠ። አሁንም እየሮጠ ነው። በእኔ ቦታ የሚያስጠርጓት ሮሆቦት የምትባል ልጅ ናት፤ ፀጉሯ ወገቧ ይደርሳል። እኔም ሻሼን አሳምሬ ቤቴ ብቀመጥ፣ ነገ ድንቅነሽ የሮሆቦትን ራስ ታቅፋ ትጮሃለች፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ይቀመጣል። በዚያው ቅጽበት ለኤልቤቴል ደወልኩና ዝግ ችሎት አልፈልግም፣ በሩ ወለል ተደርጎ ይከፈት አልኳት። እሷም በዚያች ድምፅዋ እልል አለች። ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም አመልክተናል፤ ቺንጋው ሽፋን ሳይገባለት ሞተሩ እንዳይነሳ።

ትጊዬ፣ እህቴ፣ እዚህ ላይ ይብቃሽ። ወረቀቱን ለእማዬ ስጪያትና ውጪ፤ ላሟን አይተሻት ነይ። ለምን አትበይ።

እማዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ ጽፌዋለሁ። መጽሐፍ ቅዱስሽን እንደምታነቢው በጣትሽ እየተከተልሽ ብቻሽን አንብቢው።

አልወቅስሽም።

የመንደሩን ሴት ሁሉ ፀጉር ትጎነጉኚ ነበር። ያንቺን ሲጎነጉን ያየሁት ሰው የለም። ወደ ዲላ ልመጣ ስል ጉንጉኔን እስኪያመኝ አጠበቅሽው፤ ሌላ ሥራ አጥተሽ ነው ወይ ብለሽ አለቀስሽ። እኔ ሳቅኩብሽ። ዛሬ ያ ሳቄ ያመኛል።

ምስክር ሁኚልኝ አልልሽም። ሕጉ የሚጠይቀው የእኔን ጉዳት ነው፤ ሌላ ሰው እንዲቆስል አይፈልግም። ማንም ምንም አይጠይቅሽም፤ እኔም አልጠይቅሽም፤ ለትጊም አልነግራትም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ችሎቱ ሐሙስ ጠዋት ነው። ዚያድ ረቡዕ ሲመለስ ጋቢና ያስቀምጥሻል፤ ነግሬዋለሁ። እኔ ጋ ታድሪና አብረን እንሄዳለን። ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጪልኝ። ያቺ ልጅ ያን ጊዜ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው አልነበራትም። እኔ ግን እፈልጋለሁ።

የላክሽልኝን ሻሽ አልጣልኩትም፤ እሁድ እሁድ ለጸሎት አደርገዋለሁ፣ ስለሚያምር። ሐሙስ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነው የሚሆነው። ያንቺን ሻሽ ማድረግም ማውለቅም ያንቺ ፈንታ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እያልሽ ያሳደግሽን አንቺው ነሽ፤ ግን ላስተምርሽ ብዬ አይደለም። ብታደርጊውም ብታወልቂውም እናቴ ነሽ፤ በሁለቱም እኮራብሻለሁ።

ጌታ ጉልበትሽን ያበርታልሽ። የአባዬን ደረት ይማርልን፣ ላሟንም በሰላም ያገላግልልን። መንገዱን ያቅናልሽ፤ አይሱዙው ላይ እንዳይበርድሽ ጋቢሽን ደርቢ። መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ሰው ቢበዛም ግራ አትጋቢ፣ ራሴን አልሸፍንምና ከሩቅ ታውቂኛለሽ።

እናቷን የምትመስለው ልጅሽ
ከዲላ