ለሌንሶችሽ የገዛሁት ካሜራ

ሙሉዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ከተለየሽን ዐሥረኛው ወር ገባ። እኔና ልጅሽ ደህና ነን። ታምር ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት አንቺን ደርሳለች። ክረምቱን ጣራው አፍስሶ ስላስቸገረን የጓዳውን ቆርቆሮ አስቀየርኩት።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልችልም፤ ቀንቻለሁ። ሰው በሞተች ሚስቱ ይቀናል ወይ? እኔ ቀናሁ።

ለአርባሽ ፎቶ ሲፈለግ ቤቱን ሁሉ በረበርኩ። የሰቆጣን ሙሽራ ሁሉ ያነሳሽው ሴት፣ የራስሽ የረባ ፎቶ አልነበረሽም። በመጨረሻ ያመጣልን አብሮሽ ሰርግ ያነሳ የነበረው ካሳሁን ነው። ጽጽቃ ለሰርግ ሄዳችሁ ያነሳሽ ነው፤ ነጠላሽ ከትከሻሽ ወርዶ፣ ዓይንሽ እስኪጠፋ ትስቂያለሽ። የመጣው ሰው ሁሉ "እንዴት ታምራለች!" ሲል እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ለእኔ እንዲያ ስትስቂልኝ አላስታውስም። ድሮም ካሳሁን ሞተሩን ደጃችን አቁሞ በአገውኛ ስታወሩ፣ እኔ ከጎጃም የመጣሁት መምህር አንዲት ቃል ሳይገባኝ በመስኮት አያችሁ ነበር።

ሰሞኑን ታምር እንደ እናቴ ፎቶ ካላነሳሁ አለች። ካሜራሽ ከተበላሸ ወዲህ ሁለቱ ሌንሶችሽ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ይዣቸው ገበያው አጠገብ ወዳለው ሱቅ ሄድኩ። አንዱ ካሜራ አዲስና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሌንሱ ግን አይነቀልም። ሌላው ያገለገለ፣ ጠርዙ የተፋቀ፣ ዋጋው የሚቀመስ ነው፤ ሌንስ ይቀያየርለታል። ያንቺዎቹ ይግጠሙት አይግጠሙት የሚያውቅልኝ ከካሳሁን በቀር ሰው የለም። እሱን ላለመጠየቅ ስል አዲሱን ልገዛ ምንም አልቀረኝም ነበር።

እንደምንም ደወልኩለት። ወዲያው መጣና አንዱን ሌንስሽን ያገለገለው ካሜራ ላይ አዙሮ አስገባው፤ ልክ ገጠመ።

"መምህር፣ ይሄኛውን ይውሰዱ። ካሜራው ርካሽ ቢሆን ግድ የለም፣ ዋናው ሌንስ መቀበሉ ነው። አጭሩ ለሰው ፊት፣ ረጅሙ ለሩቅ። ሙሉ ሁልጊዜ የምትለው ይህንን ነበር።"

ደሜ ፈላ። ለእኔ መች ነገረችኝ ልል ብዬ አፌን ያዝኩ። ነግረሽኛል እኮ! ፈተና እያረምኩ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ ነው ያሳለፍኩሽ።

ያገለገለውን ገዝቼ ከሱቁ ስንወጣ "ትወዳት ነበር?" አልኩት።

አቀረቀረ። "አዎ፣ መምህር። እሷ ግን አታውቅም። ነግሬያት አላውቅም።"

ልመታው ነበር፤ እጄ አልታዘዘልኝም። ካሜራውን አቀበልኩትና "ታምርን አስተምርልኝ" አልኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ቅናቱ አለቀቀኝም፣ አልዋሽሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያስተምራታል። በመሐል ወሬው ወደ አንቺ ይሄዳል፤ በፃግብጂ መንገድ መኪናው ተበላሽቶ ሙሽራይቱን በእግር ያጀባችሁበትን፣ አንቺም ጫማሽን አውልቀሽ የሰጠሻትን ነገረን። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማዋለሁ። በሕይወት ሳለሽ ያላዳመጥኩሽን አሁን ከሰው አፍ እየለቀምኩ ነው፤ የማውቃትን ሙሉንም፣ ገና የምሰማትንም አልረሳም።

ባልሽ