የጻፍኩትን አላጠፋም

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ መሪ ላይ ሲውሉ ማስቸገሩን ተወ? እማዬስ፣ ያ ሳሏ ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ታላቅ ወንድሜ በቴሌግራም የጻፍኩትን ቢያሳይዎት ደውለው ተቆጡኝ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ አጥፊው» አሉኝ። ሳልመልስልዎ መስመሩ ተቆረጠ፤ መልሴ ይኸው።

የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራችን አየር ማስወጫ ከተበላሸ ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት አጠገቤ የምትሠራው የክፍሌ ልጅ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ደግፌ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ያንኑ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የቴሌግራም ቡድን ላይ በስሜ ጻፍኩት። መልሱ ጎረፈ። አንዱ ራሴን ያዞረኛል አለ፣ ሌላዋ ያስመልሰኛል አለች። ለካ ሁላችንም ቁርስ ባለመብላት እየመሰለን ለየብቻችን ስንታመም ኖረናል።

ክፋቱንም አልደብቅዎትም። አንድ ስሙን የሸሸገ ሰው ከጽሑፌ ሥር መምህራችንን የሚሰድብ ነገር ቀጥሎ፣ እኔ ያልኩት አስመስሎ በተነው። ሌሎቹ ደግሞ ምስኪኑን የቤተ ሙከራ ሠራተኛ የጥገናውን ገንዘብ በልቶ ነው ብለው አብጠለጠሉት። «ባልተጣራ ነገር የሰው ስም አታጥፉ» ብል «ተገዝታለች» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠርተውኝ «አጥፊውና ይቅርታ ጠይቂ፤ አለዚያ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል» አሉኝ። «ስድቡ የኔ አይደለም። ልጅቷ ግን ወድቃለች፤ እሱን አላጠፋም» አልኳቸው። ማስጠንቀቂያው ተጻፈብኝ። ቤተ ሙከራውም በማግስቱ ተዘጋ፤ ይህን ስጽፍልዎ ጥገና የገቡት ሰዎች ጣራው ላይ ሲቀጠቅጡ ይሰማኛል።

አባዬ፣ ፍሬኑ በላላ አውቶቡስ ሰው አልጭንም ብለው ቁልፉን አለቃዎ ጠረጴዛ ላይ ጥለው የወጡት እርስዎ ነዎት። እማዬ «የልጆች አባት ነህ፣ ቻለው» ስትልዎት «የሚሳፈሩትም የሰው ልጆች ናቸው» ብለው ሲመልሱላት ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። ታዲያ ማንን ልስማ፣ የዛሬውን አባቴን ወይስ የዚያን ቀኑን? ቢቆጡኝም የዚያን ቀኑን መርጫለሁ።

እማዬን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የማስጠንቀቂያውን ነገር እኔው እነግራታለሁ። ትንሿን እህቴን እቅፍ ያድርጉልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ሰላም ይበሉልኝ። ታላቅ ወንድሜን ደግሞ፣ ጽሑፉ ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት ስልኩን እየከፈተ ካርዱን አይጨርስ ይበሉልኝ። እዚያው ነው።

ልጅዎ
ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ኅዳር 9 ቀን